ከራስ በላይ ነፋስ? ስለ ብስክሌተኞች የራስ ቁር ታሪክና ስለ መንገዱ ኃላፊነት

«ከራስ በላይ ነፋስ» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የሚነገረው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ለራሱ ማሰቡን ለመግለጽ ነው። ቃል በቃል ለወሰደው ግን ሌላም ነገር ያሳያል፤ ከጭንቅላቱ በላይ ከነፋስ በቀር ምንም የሌለውን ሰው። ብስክሌት ነጂ ማለት ይኸው ነው። ባለመኪናው በብረት ጣራ ሥር፣ በቀበቶ ታስሮ ይጓዛል። ብስክሌተኛው ግን በዚያው አስፋልት ላይ፣ በዚያው ሰዓት፣ ባዶ ራሱን ይዞ ይሄዳል።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቤቴ ውስጥ የተነሣ ክርክር ነው። የ12 ዓመቷ ልጄ እንደ እኩዮቿ በአዲሱ የብስክሌት መንገድ ላይ ለመንዳት ፈቃድ ጠየቀች። እናቷ «ያለ ሄልሜት አይታሰብም» አለች። ልጅቱም «ማንም አያደርግም፤ ይስቁብኛል» ብላ መለሰች። ፍርዱ ለእኔ ተተወ። እኔም የመምህር ነገር ሆኖብኝ ፍርድ ከመስጠቴ በፊት መዛግብት ማገላበጥ ያዝሁ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ለእኔ የመዛግብት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያደግሁት በባሕር ዳር ነው። በዘመናችን የባሕር ዳር ልጅ ብስክሌት የሚለማመደው በሳንቲም ተከራይቶ ነበር፤ ጉልበቱ ሳይላጥ የለመደም የለም። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን አንድ የክፍል ጓደኛዬን ከትምህርት ቤት ሲመለስ የጭነት መኪና ገጨው። በገላው ላይ ይህ ነው የሚባል ቁስል አልታየም። የተመታው ራሱን ነበርና በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ትልልቆቹ ሲነጋገሩ የሰማሁት «ምነው ዳር ዳሩን ይዞ በሄደ ኖሮ» የሚል ነበር። ስለ መኪናው ፍጥነት ያነሣ ሰው አላስታውስም። ያ ንግግር ከ30 ዓመት በኋላም ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለ ብስክሌተኞች የራስ ቁር ስንነጋገር ሁለት ጥያቄዎችን እናደባልቃለን። አንደኛው «የራስ ቁር ጭንቅላትን ያድናል ወይ?» የሚለው ነው፤ ይህ የሐኪምና የመሐንዲስ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው «ብስክሌተኛው ካላደረገ መንግሥት ይቅጣው ወይ?» የሚለው ነው፤ ይህ ደግሞ የፖለቲካ ጥያቄ ነው። ለመጀመሪያው የሚሰጠው መልስ ለሁለተኛው መልስ አይሆንም። የሌሎች አገሮች ታሪክ የሚያስተምረንም ይህንኑ ይመስለኛል። (ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ሐኪምና አንድ ሕመምተኛ

ሜይ 13 ቀን 1935 በደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት በተባለው አውራጃ፣ አንድ የ46 ዓመት ሰው በሞተር ብስክሌት እየከነፈ ሳለ ሁለት ልጆች በብስክሌት ሲሄዱ ድንገት ከፊቱ አገኛቸው። እነርሱን ላለመግጨት ሲያጠማዝዝ ተወርውሮ ወደቀ። በራሱ ላይ ምንም አላደረገም ነበር። ከ6 ቀን በኋላ ሳይነቃ ሞተ። ሟቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዐረቦች በቱርክ ላይ ባነሡት ዐመፅ ስሙ የገነነው ቲ. ኢ. ሎውረንስ፣ በተለምዶ «የዐረቢያው ሎውረንስ» የሚባለው ነበር።

ሊያድኑት ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ ይባላል። አውስትራሊያ ተወልዶ በኦክስፎርድ የተማረ፣ በቦስተን ደግሞ የአንጎል ቀዶ ሕክምና አባት ከሚባለው ከሃርቪ ኩሺንግ ሥር የሠለጠነ ሰው ነው። ሎውረንስን ማዳን አልቻለም፤ ጥያቄውን ግን ይዞት ቀረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የእንግሊዝ ሠራዊት መልእክት የሚያመላልሱ በርካታ ሞተረኞች ነበሩት። እነዚህ ወጣቶች የሚሞቱት በጀርመን ጥይት ሳይሆን በገዛ አገራቸው መንገድ ላይ ነበር።

ኬርንስ በ1941 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ባወጣው ጥናት በጦርነቱ የመጀመሪያ 21 ወራት ውስጥ 2,279 ሞተረኞችና ከኋላ የተፈናጠጡ ሰዎች በመንገድ አደጋ መሞታቸውን ገለጸ። የመከላከያ ቁር አድርገው አደጋ የደረሰባቸው እርሱ ዘንድ የቀረቡት ሕመምተኞች ግን 7 ብቻ ነበሩ፤ ሰባቱም ከሞት ተርፈዋል። ሰባት ሰው ለሳይንስ ጥቂት ነው። ሆኖም ሠራዊቱ ብዙ አልጠበቀም። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ማንኛውም የሠራዊቱ ሞተረኛ የራስ ቁር እንዲያደርግ ታዘዘ።

ሠራዊት ሲያዝ ቀላል ነው። ቁሩን የሚገዛውም፣ የሚያድለውም፣ መንገዱን የሚወስነውም ራሱ ነውና። ሲቪሉን በሕግ ለማስገደድ ግን የእንግሊዝ ፓርላማ እስከ 1973 ቆየ፤ ከወታደሩ ትእዛዝ 32 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ1952 ያረፈው ኬርንስ ያን ቀን አላየም። ሕጉ በወጣ በሦስተኛው ዓመት ጥምጣም ከራሳቸው የማይለየው የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ከግዴታው ነፃ ወጡ። በሰው ራስ ላይ የሚወጣ ሕግ ከሃይማኖቱም፣ ከክብሩም፣ ከኪሱም ጋር መጋጨቱ እንደማይቀር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው።

ከሞተር ወደ ብስክሌት

የብስክሌተኛው የራስ ቁር ከሞተረኛው ዘግይቶ የመጣ ነው። የድሮ ተወዳዳሪዎች የሚያደርጉት በቆዳ የተሸፈኑ ጥቅልል ማሰሪያዎችን ነበር፤ አስፋልት እንዳይልጣቸው ካልሆነ በቀር አንጎልን ከመናጥ የማዳን ኃይል አልነበረውም። ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ቁር በአሜሪካ ገበያ የታየው በ1975 ነው። ምሥጢሩ ያለው በውጭው ቅርፊት ሳይሆን በውስጡ ባለው ነጭ ነገር ነው። አዲስ ቴሌቪዥን ስንገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምናገኘው ዓይነት ቀላል ፖሊስታይሪን ማለት ነው። ጭንቅላት መሬት ሲመታ ይህ ነገር ይጨፈለቅና የምቱን ኃይል ይቀበላል፤ አንጎል በድንገት ከመቆም ይልቅ ለአፍታም ቢሆን ቀስ ብሎ ይቆማል። አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀም ሥራውን ጨርሷልና ይጣላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በአውሮፓ ደረጃ መሠረት ቁሩ የሚፈተነው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ከጠፍጣፋ ብረት ጋር በማላተም ነው። ይህም ከብስክሌት ላይ ወድቆ በራስ መሬት ከመምታት ጋር ይቀራረባል። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመጣ ገልባጭ መኪናን እንዲቋቋም ግን አልተሠራም፤ ሠሪዎቹም ይህን ቃል አልገቡም።

የራስ ቁርን በብስክሌተኛ ሁሉ ላይ በሕግ የጫነችው የመጀመሪያዋ ግዛት የኬርንስ አገር የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ናት። ዋና ከተማዋ ሜልቦርን ለእኛም ባዳ አይደለችም፤ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው እዚያ በ1956 ሲሆን፣ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞቻችንም በጎዳናዋ ተወዳድረዋል። ቪክቶሪያ በመንገድ ደኅንነት ሕግ ቀዳሚ የመሆን ልማድ ነበራት። የሞተረኛን ቁር በ1961፣ የመኪና ቀበቶን በ1970 ከማንም ቀድማ ግዴታ አድርጋለች። ጁላይ 1 ቀን 1990 ደግሞ ተራው የብስክሌተኛው ሆነ። ሌሎቹ የአውስትራሊያ ግዛቶች በሁለት ዓመት ውስጥ ተከተሉ፤ ኒውዚላንድም በ1994።

ውጤቱ ምን ሆነ? የሕጉ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት አኃዝ ጠንካራ ነው። ቁር የሚያደርጉት ብስክሌተኞች በአንድ ዓመት ውስጥ ከ31 በመቶ ወደ 75 በመቶ ደረሱ። በራስ ጉዳት ለሞቱና ሆስፒታል ለተኙ ብስክሌተኞች የሚቀርበው የካሳ ጥያቄ በመጀመሪያው ዓመት በ48 በመቶ፣ በሁለተኛው በ70 በመቶ ቀነሰ። ተቃዋሚዎቹ ግን ሌላ ቆጠራ ያወጣሉ። በሜልቦርን ጎዳናዎች ላይ የሚታዩት ታዳጊ ብስክሌተኞች ከሕጉ በኋላ ግማሽ ያህሉ ጠፉ። ልጆቹ ቁሩን ከማድረግ ይልቅ ብስክሌቱን ተዉት። ብስክሌተኛው ሲቀንስ በብስክሌት የሚጎዳው መቀነሱ አይገርምም። በዚያው ሰሞን በፍጥነትና በመጠጥ ላይ የተከፈተው ዘመቻም የመኪናውን አደጋ ቀንሶ ነበር። የትኛው ምን ያህል እንደሠራ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

በሁለተኛው ነጥብ ክርክር ቢኖርም በመጀመሪያው ላይ ያለው ማስረጃ ጠርቷል። በ2016 ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች አደጋ የደረሰባቸው ከ64,000 በላይ ብስክሌተኞችን የሚሸፍኑ 40 ጥናቶችን አንድ ላይ መረመሩ። አደጋ ከደረሰ በኋላ ቁር ያደረገው ሰው ካላደረገው ይልቅ የራስ ጉዳት የመድረሱ ዕድል በ51 በመቶ፣ ከባድ የራስ ጉዳት በ69 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኙት። እንግዲህ የሐኪሙ ጥያቄ ተመልሷል። የሚወድቅ ሰው ቁር አድርጎ ቢወድቅ ይሻለዋል። ይህን የሚክድ ሰው ከማስረጃ ጋር መጣላት ይሆንበታል።

«ግድያው ይቁም» ያሉ ወላጆች

ቪክቶሪያ በብስክሌተኛው ራስ ስትጀምር፣ ሆላንድ ቀደም ብላ በሌላ በኩል ጀምራ ነበር። ሆላንድ ድሮም የብስክሌት አገር ናት። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብልጽግና ሲመጣ ግን መኪና መጣ፤ ጎዳና ተስፋፋ፤ ሰፈር ፈረሰ፤ ብስክሌተኛው ወደ ዳር ተገፋ። በ1971 በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ 3,300 ያህል ሰዎች በመንገድ ላይ ሞቱ። ከእነዚህ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ።

ቪክ ላንገንሆፍ የተባለ ጋዜጠኛ ልጁን መኪና ገደለበት። በ1972 በሚሠራበት ጋዜጣ ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሕፃናቱ ግድያ ይቁም» የሚል ነው። «አደጋ» አላለም፤ «ግድያ» አለ። ርእሱ የንቅናቄ ስም ሆነ። ወላጆች መንገድ ዘግተው ልጆቻቸውን አስፋልቱ ላይ አጫወቱ። በብስክሌት ሆነው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዮፕ ደን ኡይል ቤት በመሄድ በመዝሙር ለልጆቻቸው ደኅና መንገድ ጠየቁ። በ1973 መጨረሻ ላይ የነዳጅ ችግር መጣና መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ፤ ሕዝቡም ጎዳናው ያለ መኪና ምን እንደሚመስል በዓይኑ አየ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ተአምር ሳይሆን ሥራ ነው። ብስክሌተኛውን ከመኪናው የሚለይ መንገድ ከተማ በከተማ ተነጠፈ። በመኖሪያ ሰፈር ፍጥነት ተገደበ። መስቀለኛ መንገዶች እንደገና ተቀየሱ። በ1971 3,300 የነበረው የሟቾች ቁጥር በ2022 740 ገደማ ሆነ፤ ሕዝቡም መኪናውም ከዚያ ወዲህ እየበዛ ሳለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ተራውን ብስክሌተኛ ቁር እንዲያደርግ የሚያስገድድ ሕግ አልወጣም፤ የሚያደርገውም ጥቂት ነው።

ነገር ግን «ሆላንዶች አያደርጉምና ቁር አያስፈልግም» የሚል ድምዳሜ ላይ የሚደርስ ሰው ይሳሳታል። በ2022 ከሞቱት ውስጥ 290 ያህሉ ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ አረጋውያን። የሆላንድ ሐኪሞች ዛሬ ሰዉ ቁር እንዲያደርግ እየመከሩ ነው፤ ለቀላል ሞተር ብስክሌት ደግሞ ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ ግዴታ ሆኗል። ልዩነቱ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሆላንድ መጀመሪያ መንገዱን ሠራች፤ ስለ ራስ ቁር መነጋገር የጀመረችው መንግሥት የድርሻውን ከሠራ በኋላ ነው።

የሲያትል ነገር

ለዚህ ክርክር ከሁሉ የበለጠ አስተማሪ ሆኖ ያገኘሁት ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሲያትል ታሪክ ነው። በ1989 የዚያች ከተማ ተመራማሪዎች ሮበርት ቶምሰን፣ ፍሬደሪክ ሪቫራና ዳያን ቶምሰን ባወጡት ጥናት ቁር የራስ ጉዳትን በ85 በመቶ፣ የአንጎል ጉዳትን በ88 በመቶ እንደሚቀንስ ገለጹ። የኋላ ጥናቶች አኃዙን ዝቅ ቢያደርጉትም ለብዙ ዓመታት በየአገሩ ሕግ አውጪዎች ፊት የተጠቀሰው ይኸው ነበር። ሲያትል የምትገኝበት የኪንግ ካውንቲ የጤና ቦርድም በ1993 የራስ ቁርን ግዴታ አደረገ፤ ከ2003 ጀምሮ ሕጉ በሲያትል ከተማ ውስጥም ጸና።

ከዚያ በኋላ ሰዎች የቅጣት ወረቀቶቹን መቁጠር ጀመሩ። ቆጠራው የሚያሳፍር ነበር። ጥቁር ብስክሌተኞች ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸሩ አራት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ተቀጥተዋል። ከ2017 ወዲህ ከተሰጡት ቅጣቶች ግማሽ ያህሉ የተጻፉት ቤት በሌላቸው፣ በጎዳና ላይ በሚያድሩ ሰዎች ላይ ነው። ፖሊስ ሌላ ጥርጣሬ ሲኖረው ሰው ለማስቆም የሚመዝዘው ሰበብ የራስ ቁሩ ሆነ። ስለ ጭንቅላት የወጣው ሕግ የድኻው መፈተሻ ሆኖ ዐረፈው። በፌብሩዋሪ 2022 ያው ቦርድ ሕጉን በድምፅ ብልጫ ሻረ፤ ሲሽርም ቁር ማድረግ ጠቃሚ መሆኑን፣ ሰዉም እንዲያደርግ መመከር እንዳለበት ደግሞ ተናገረ።

ይህ እርስ በርስ የሚጋጭ የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል። በእኔ እምነት ግን አይጋጭም። ለቁሩ የተሻለውን ማስረጃ ለዓለም ያቀረበችው ከተማ በ33 ዓመት ውስጥ የተማረችው፣ እውነት በሐኪም እጅ ስትሆንና በፖሊስ እጅ ስትሆን ሁለት ነገር መሆኗን ነው። ሜክሲኮ ሲቲ በ2010 ተመሳሳይ ግዴታ አንሥታለች። እስራኤልም በ2007 ያወጣችውን ሕግ በ2011 አሻሽላ በከተማ ውስጥ ለሚነዱ አዋቂዎች አስቀርታዋለች። በአውስትራሊያ በበኩሉ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በ2016 ቅጣቱን ከ71 ወደ 319 ዶላር አሳደገች። ያገራችን ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። ብስክሌተኛውን የሚገድለው በአብዛኛው የመኪና ፍጥነት መሆኑ እየታወቀ፣ ባለመኪናውን መጋፈጥ የከበደው ሕግ አውጪ ዱላውን በብስክሌተኛው ላይ ያነሣል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

እኛስ የት ነን? በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» በሚል መጠሪያ መንገድን ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነፃ ማድረግ የተጀመረው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። አገሪቱ ከ2020 እስከ 2029 የሚደርስ ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ፣ ስንቱን ነባር ሰፈር ያፈረሰና ስንቱን ያፈናቀለ መሆኑ ሳይረሳ፣ የብስክሌት መንገድ ይዞ መጥቷል። ይህን በጎ ነገር በጎ ማለት ተገቢ ነው። ከእንግዲህ በአዲስ አበባ የሚነዳው ልጅ ይበዛል፤ የሚወድቀውም ይበዛል። ያን ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ «የራስ ቁር በሕግ ይገደድ» ማለቱ አይቀርም።

የእኛ መንግሥታት ደግሞ ከመሥራት መከልከል እንደሚቀላቸው እናውቃለን። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ ሞተር ብስክሌት ሲታገድ ምክንያቱ ወንጀል ነበር። ወንጀለኛውን መያዝ ሲከብድ ሞተሩ ቆመ፤ በሞተሩ የሚያድረው ወጣትም አብሮ ቆመ። ነገ የብስክሌተኛውን ቁር የሚጠይቀው ትራፊክ ማንን ያስቆማል ብለን እንጠይቅ። ምግብ እያደረሰ በብስክሌት የሚያድረውን ወጣት ነው ወይስ እሑድ ጠዋት ባማረ የስፖርት ልብስ የሚነዳውን? መልሱ ለአንባቢ አይጠፋውም።

ሌላም ነገር አለ። በአዲስ አበባ በመንገድ አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። እርሱም እንደ ጓደኛዬ ራሱን ተመትቶ ይሞታል። እግረኛውንስ የራስ ቁር እናልብሰው? እንዲህ ያለ ሐሳብ ያስቃል። የሚያስቅበት ምክንያት እግረኛው የሞተው ባርኔጣ ስላጣ ሳይሆን ማቋረጫ ስላጣና ሾፌሩ ስለፈጠነ መሆኑን ስለምናውቅ ነው። ታዲያ ለእግረኛው የገባን ነገር ለብስክሌተኛው ለምን አይገባንም?

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ሥራው ከመንገዱ ይጀመር። እኔ በምመላለስበት ጎዳና የብስክሌት መንገዱ እጅግ በሚያስፈልግበት ቦታ፣ ማለትም መስቀለኛው ጋ ሲደርስ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ልጁ ከታክሲና ከገልባጭ ጋር ይጋፋል። መስቀለኛው ይስተካከል፤ በትምህርት ቤቶች አካባቢ ፍጥነት በእርግጥ ይገደብ። ብስክሌት የኑሮ መጓጓዣ የሆነባቸው እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ያሉ ከተሞችም ከአዲስ አበባ ኋላ አይቅሩ። ሁለተኛ፣ የራስ ቁር ይታደል እንጂ አይዘዝ። በብስክሌት ዕቃ የሚያስደርስ ድርጅት እንግሊዝ ለወታደሯ እንዳደረገችው ለሠራተኛው ራሱ ገዝቶ ይስጥ። ብስክሌት አከራይም ከብስክሌቱ ጋር ቁሩን ያከራይ። ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ፤ ከውጭ ሲገባም ከቀረጥ ነፃ ይሁን። ሦስተኛ፣ ሕግ የግድ ይውጣ ከተባለ ለሕፃናት ብቻ ይሁን፤ ቅጣቱም በፖሊስ እጅ አይግባ።

ይህ አቋም ሁለት ዓይነት ሰዎችን እንደማያስደስት አውቃለሁ። «ሕግ ካልወጣ ሕዝባችን አይሰማም» የሚለው ወገን ልል ይለኛል። የሚሰጠኝ ማስጠንቀቂያም ቀላል አይደለም፤ ምክር ብቻውን ዘገምተኛ ነው፣ በመካከሉ የሚሞት ልጅ አለ። ነገር ግን መንገዱ ሳይሠራ የሚወጣ ሕግ ልጁን ከሞት የማያድንበት፣ ከሞተ በኋላ ግን ጥፋተኛ የሚያደርግበት ጊዜ ብዙ ነው። «ቁሩ የመኪና አምላኪዎች ተንኰል ነው» የሚለው ሌላው ወገን ደግሞ የ64,000 ሰዎችን ማስረጃ በክርክር ጣፋጭነት ሊያልፈው ይፈልጋል። ሁለቱም አንዱን ጥያቄ በሌላው ይመልሳሉ።

ለልጄ የሰጠሁትን ፍርድ ልንገራችሁና ላብቃ። «ይስቁብኛል» ላለችው የብስክሌት ተወዳዳሪዎችን ታሪክ ነገርኋት። በ1991 ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ቁር ግዴታ ይሁን ሲል ባለሙያዎቹ አድማ መተው አስቀሩት። ሙቀቱን ፈርተው፣ ልማዳቸውን ወድደው፣ ምናልባትም እንደ እርሷ መሳቂያ መሆንን ጠልተው ነው። በማርች 2003 ከፓሪስ ወደ ኒስ በሚደረገው ውድድር አንድሬ ኪቪሌቭ የተባለ የካዛክስታን ሰው ያለ ቁር ወድቆ ሞተ። በሜይ ወር ግዴታ ሆነ፤ በዚህ ጊዜ የተቃወመው ጥቂት ነበር። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን በቴሌቪዥን ያየነው ቁሩን ደፍቶ ነው፤ የሳቀበትም የለም።

ቁሩ ተገዛ፤ ልጄም ትንሽ እያጉረመረመች አደረገችው። እኔ ደግሞ ለወረዳችን አስተዳደር ስለዚያ መስቀለኛ መንገድ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አንዱን አድርጌ ሌላውን ብተው ኖሮ ከዚያ ለቅሶ ድንኳን ትልልቆች አንዱ እሆን ነበር፤ ልጅቱን «ዳር ዳሩን ሂጂ» ብሎ፣ መንገዱን ግን እንደነበረ የሚተው። ለራሷ የሚገባትን እርሷ አድርጋለች። መንገዱ የእርሷ ሥራ አይደለም፤ የእኛና የምንገብርለት መንግሥት ሥራ ነው።

ቸር ይግጠመን።